ባትሪውን ማን በላው?

ያን ቀን ጠዋትም ባትሪው ባዶውን አድሮ ተገኘ።

ፋርማሲስቷ ገና ከአልጋዋ ሳትወርድ አወቀችው። ከበሩ በላይ ያለችው ትንሽ መብራት ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ተለውጣለች። ቧንቧውን ስትከፍተው ውሃ የሚገፋው ፓምፕ አንዴ አቃስቶ ዝም አለ። ትናንት ጣሪያቸው ላይ ያለው ሶላር ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲጠጣ ውሎ፣ ሲተኙ ባትሪው ጢም ብሎ ነበር። ታዲያ በአንድ ሌሊት ማን በላው?

"ዛሬም ሞተ?" አሉ አማቷ ከወዲያኛው አልጋ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ።

"ዛሬም፣ አባባ።"

"እንግዲህ ያንን ባትሪ ጠጋኝ ልጅ መጥራት ነዋ።" ድምፃቸው ያዘነ ሰው ድምፅ አልነበረም። እሷ ግን ልብ አላለችውም።

አማቷ ጡረታ የወጡ የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ ናቸው። በሥራ ዘመናቸው ተፈታኞች ስማቸውን ሲሰሙ ቀጠሮ ያስለውጡ ነበር። ፈታኙ ፈገግ ካሉልህ ወድቀሃል ማለት ነው እየተባለ ይቀለድባቸው ነበር። የነበራቸው አንድ ልጅ ነው፤ እሱም የፋርማሲስቷ ባል ነበር። አሁን ያሉበትን፣ በመኪና የሚጎተተውን ይህን ባለጎማ ቤት፣ ካራቫኑን፣ በገዛ እጁ አድሶ፣ በየእረፍቱ ሁለቱንም ይዟቸው የኤሌክትሪክ መስመር ወዳልደረሰበት ወደዚህ ሐይቅ ዳር ይመጣ ነበር። ታሞ በወጣትነቱ አረፈ። ያኔ ዘመዶቿ ሰብሰብ ብለው "ገና ወጣት ነሽ፤ ሽማግሌውን ለወገኖቻቸው አስረክቢና ኑሮሽን ኑሪ" አሏት። አልተከራከረችም። ተነሥታ የአማቷን ሸሚዝ ከራሷ ልብስ ጋር አጥባ አሰጣችው። መልሷ ያ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም የጠየቃት የለም።

ሐይቁ ዳር ድንኳንና ካራቫን ይዘው የሚከርሙ ሰዎች "ባትሪ ሐኪሙ" የሚሉት ሰው ሳይጠራ ነበር የመጣው። ጆሮው ጥግ ሽበት ብቅ ብቅ ያለበት፣ ዝምተኛ ሰው ነው። አሮጌ ፒካፑ የምትጎትታት ትንሽ ካራቫን ውስጥ እየኖረ፣ ከአንዱ የሐይቅ ዳር ወደ ሌላው እየዞረ የሰው ሶላርና ባትሪ ይጠግናል።

"እንደምን አደሩ። በሽተኛው እንዴት አደረ?"

"ሞቶ።"

"ባትሪ ቶሎ አይሞትም። ይደክመዋል እንጂ።"

ጣሪያው ላይ ወጥቶ የሶላሩን አቧራ በእርጥብ ጨርቅ አበሰ። ወርዶ የባትሪው ጫፍ ላይ የበቀለውን ነጭ ዱቄት ፋቀ፣ የተጣራ ውሃ ጨመረለት፣ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቱ እየዳሰሰ ተከተለ። መለኪያውን አየ፤ እንደገና አየው። ግራ የገባው መሆኑን ለመደበቅ የሚሞክር ዓይነት ሰው አይደለም።

"ሶላሩ ይሰጣል፣ ባትሪው ይቀበላል" አለ። "ማታ ማታ አንድ ነገር ይበላዋል። እኔ ቀን መጥቼ ስለካው ደግሞ የሚበላ ነገር የለም። ያላየሁት እንግዲህ ይቺን ብቻ ነው።"

የጠቆመው ከፈታኙ አልጋ ሥር ያለችውን የዕቃ ማስቀመጫ ነበር።

"እሷ አትከፈትም" አለች ፋርማሲስቷ። ካሰበችው በላይ ኮስተር አለባት። "የባለቤቴ ዕቃ ነው ያለው።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለና እጁን ሰበሰበ። ከዚያ በኋላ ወደዚያች ጥግ ዓይኑን እንኳ አልጣለም።

ጥያቄውን በመጠየቁ የተጸጸተ መሰላትና አሳዘናት። ባትሪው ቀስ በቀስ ፀሐይ እስኪቀበል በካራቫኗ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሲጠብቁ፣ ጨዋታ ልታመጣ ብላ "ሁልጊዜ እንዲህ ያስቸግርዎታል?" አለችው።

"አይ። አብዛኛው ቀላል ነው። ባለፈው አንዱ ሰውዬ 'ሶላሬ አልሠራ አለኝ' ብሎ ጠራኝ። ጣሪያው ላይ ብወጣ ሚስቱ ፍራሽ አስጥታበታለች።"

"ምን አሉት?"

"'ሶላሩ ደህና ነው፤ ፍራሹ ግን በደንብ ሞልቷል' አልኩት።"

እንደ ባለፈው ሁሉ ሳቋ አመለጣት። ከሆዷ የወጣ፣ ትከሻዋን ያንቀጠቀጠ ሳቅ ነበር። እሱ አብሯት አልሳቀም፤ አንዴ ቀና ብሎ አያትና ሳቋን እንዳያበላሽ እንደፈራ ሰው ቶሎ አቀረቀረ። በዚያች ቅጽበት ፋርማሲስቷ አማቷ በመስኮቱ እንደሚያዩዋት ተሰማት። ዞር ስትል እውነትም እያዩ ነበር፤ መጋረጃውን ለቀቅ አድርገው ከመስኮቱ ራቁ። የሟች ሚስት በሟች አባት ፊት እንዲህ ትስቃለች? አፏን በእጇ ሸፈነች። ሳቁ ግን ደረቷ ውስጥ ገና እንደ ሞቀ ነበር፤ ያፈረችውም ይልቁን በሙቀቱ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ነገሩ ጨዋታ መሆኑ ቀረ።

ፈታኙ ስኳር አለባቸው። በየቀኑ የሚወጉት መድኃኒት ቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ አለበት፤ የሚቀመጠውም በባትሪው በምትሠራው ትንሽ ፍሪጅ ውስጥ ነው። እስካሁን ባትሪው ባዶውን ባደረ ቁጥር ቶሎ ስለሚደረስለት ፍሪጇ ቅዝቃዜዋን አልለቀቀችም ነበር። የዛሬው ግን ቀደም ብሎ ሳይጠፋ አልቀረም። ፋርማሲስቷ የፍሪጇን በር ስትከፍት ለብ ያለ አየር ፊቷን ነካት፤ ውስጥ ያለው ቴርሞሜትር ከልኩ አልፏል። ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንሥታ አገላብጣ አየችው። አልተበላሸም፣ ገና ነው። በዚህ ሙቀት ሌላ እንዲህ ያለ ቀን ቢደገም ግን እንጃ፤ ሌላ መድኃኒት የሚገኘው ደግሞ ከተማ ድረስ ተሂዶ ነው።

"አባባ፣ መድኃኒትዎ ሞቋል!" ስትል የገዛ ድምፅዋ አስደነገጣት። ፈታኙ አልጋቸው ላይ ቁጭ እንዳሉ ፊታቸው አመድ መሰለ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ብልቃጡን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ጥላ ሥር ስታስቀምጥ ከጎናቸው ድንኳን የተከሉት የመንታዎቹ እናት ብቅ አሉ። ደግ ሴት ናቸው፤ ምላሳቸው ብቻ አያርፍም።

"እንዴ፣ ዛሬም ጠፋ? እኔ ልንገርሽ የኔ እመቤት? ሰውዬው እንደሆነ የሚያየው ባትሪሽን አይደለም። ጠግኖ ቢጨርሰው በምን ሰበብ ይመጣል?"

ይህን ብለው እየሳቁ መንታዎቻቸውን ሊያጥቡ ሄዱ። እሳቸው ረሱት። ፋርማሲስቷ ግን ቃሉ እንደ እሾህ ገብቶ ቀረባት። ያ ሁሉ ትዕግሥት፣ ገመዱን ቀስ እያለ መዳሰሱ፣ ጥላ ሥር ተቀምጦ መጠበቁ አንድ በአንድ ተመለሰባት፤ አሁን ግን ሌላ መልክ ይዞ ነበር። ሁሉም ለዚህ ኖሯል? እሷስ እንደ ሞኝ ስትስቅ የነበረው በአባቷ መድኃኒት ነው?

ባትሪ ሐኪሙ ሲመጣ በር ላይ ጠበቀችው።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሆን ብለው ነው?"

"ምኑን?"

"ጠግነው የማይጨርሱት። ጠዋት ጠዋት ተመልሰው እንዲመጡ።"

የያዘውን ዕቃ መሬት አስቀመጠ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይቀላት ነበር።

"እኔ ለመመለስ ብዬ የሰው ቤት አላጨልምም" አለ ቀስ ብሎ። "መመለሱን ግን ወድጄዋለሁ። እሱን አልክድም።"

እዚያ ላይ ዝም ብትል ኖሮ ነገሩ ሁሉ በተቃና። ፍርሃት ግን አንዴ ምላስ ካገኘ ዝም አይልም።

"የአባቴ መድኃኒት ነው ያለበት። እንደ ሶላሩና እንደ ፍራሹ መሳቂያ አይደለም።"

"ልክ ነዎት" አለ። ወደ ካራቫኑ ሄደና የራሱን ባትሪ በትከሻው ተሸክሞ መጣ። ያን ሁሉ ክብደት እንዳይጥለው እየተጠነቀቀ በእርጋታ አስቀመጠው፤ የደከመውን ነቅሎ የራሱን ተካ። ፍሪጇ ወዲያው እንደ ንብ እምም ማለት ጀመረች።

"ይኼኛው አያስቸግርዎትም። እኔን ከሐይቁ ማዶ ያሉ ሰዎች ይጠብቁኛል፤ ከሰዓት በኋላ እነሣለሁ።"

"የርስዎ ቤትስ በምን ሊበራ?"

"ፀሐይ እስክትገባ ብርሃን አለ" አለና ሄደ።

ያን የፍሪጅ ድምፅ ጠዋቱን ሙሉ ስትመኘው ነበር። አሁን መጣላት፤ እሷ ግን ጆሮዋን ልትይዝ ምንም አልቀራት።

ምሳ ቀርቦ ሁለቱም አልነኩትም። ከሩቅ ባትሪ ሐኪሙ ድንጋዮቹን ከጎማው ሥር ሲያነሣ ይታያል። ፈታኙ በመስኮቱ እሱን ያያሉ፣ ዞረው እሷን ያያሉ፣ ተመልሰው እጃቸውን ያያሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ሲጸልዩ እንደዚያ ነው።

"ልጄ" አሉ በመጨረሻ። "ያንን ሰው ያለ ጥፋቱ ነው ያስቀየምሽው።"

"እርስዎ ምን ያውቃሉ፣ አባባ።"

"አውቃለሁ። ነይ፣ እዪ።"

ተነሥተው የፍራሻቸውን ጠርዝ አነሡና ከሥሩ ያለውን ጣውላ ከፈቱት፤ ያችን የማትከፈተውን። "ኧረ አባባ" ከማለቷ በፊት ትራሳቸው አጠገብ ያለች ማብሪያ ተጫኑ። ከማስቀመጫው ውስጥ ኃይለኛ ብርሃን ፊቷ ላይ ፈሰሰ። ባሏ ነበር የገጠመው፤ ሊነጋጋ ሲል ተነሥቶ ማንንም ሳይቀሰቅስ የዓሣ ማስገሪያውን የሚፈልግበት የመኪና የፊት መብራት አምፖል ነበር። ጣውላው ሲዘጋ ምኑም ወደ ውጭ አይታይም።

"የመጀመሪያው ቀን ረስቼው ነው" አሉ። "አንቺ ስትተኚ አንዳንዴ ከፍቼ ዕቃውን አያለሁ። ጫማውን፣ ያቺን ባርኔጣ። ለምን እንደሆነ እንጃ። አያለሁ፣ እዘጋለሁ፣ እተኛለሁ። ያን ማታ መብራቱን ሳላጠፋ ዘጋሁት።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ሰውዬው መጣ።" ዓይናቸውን ወደ ባርኔጣዋ መለሱ። "አንቺም ሳቅሽ።"

ፋርማሲስቷ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

"ያንን ሳቅ የሰማሁት ልጄ በነበረ ጊዜ ነው። የጠፋ መስሎኝ ነበር። ባትሪው ሲድን ሰውዬውም ቀረ፣ ሳቁም ቀረ። እና በሚቀጥለው... እጄ ማጥፊያው ላይ ነበር። አላጠፋሁትም። ጠዋት ጠዋት እሱ ከመምጣቱ በፊት አጠፋው ነበር፤ እንዳይደርስበት።"

"መድኃኒትዎ እኮ በዚሁ ባትሪ ነው የሚቀዘቅዘው!"

"በጋዝ መስሎኝ ነዋ። በሱ ጊዜ ፍሪጁ በጋዝ ነበር። መለወጥሽን ማን ነገረኝ? ዛሬ ጠዋት ስትጮሂ ነው የገባኝ።"

"ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገሩም? ሰውዬውን እንደዚያ ስናገረው እየሰሙ?"

"አፈርኩ" አሉ። "ዕድሜ ልኬን ሰው ስጥል ኖሬ፣ ዛሬ ራሴ ወደቅሁ።"

ልትቆጣ ፈለገች። ቁጣው ግን ሌላ ነገር ሆነባት፤ ሳቅ ይሁን እንባ እሷም አልለየችውም።

"በአፍዎ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?"

"ምን ብዬ? የሱ አባት እኮ ነኝ። 'በልጄ ማዘን ይበቃሻል፣ ሌላ ሰው እዪ' ልበልሽ? አፌ እሺ አላለኝም። እጄ ግን እሺ አለኝ።"

"እኔ እርስዎን ትቼ የትም አልሄድም።"

"ማን ሂጂ አለሽ?" ድሮ ተፈታኞች ላይ የሚያነሡት ያ ኮስታራ ቅንድብ ተነሣ፤ ዓይናቸው ግን እርጥብ ነበር። "ምራቴ ሆነሽ መጣሽ፣ ልጄ ሆነሽ ቀረሽ። ልጅ ደግሞ ትዳራለች። በሱ አባትነቴ ባልችል፣ ባንቺ አባትነቴ እችላለሁ። ፈጣሪም የሚከፋው አይመስለኝም፤ ጠይቄዋለሁ።"

ግንባሯን ትከሻቸው ላይ ጣለች። እንደዚያ ሆና ወደ ተከፈተው ማስቀመጫ ተመለከተች። ለስንት ዘመን የፈራችው ነገር ነበር። ቢከፈት ይሰነጥቀኛል ብላ ነበር። ያረጀ ጫማ፣ ባርኔጣ፣ የተወሳሰበ የማስገሪያ ክር፣ ትንሽ የአቧራ ሽታ። ደግ ሰው የተወው ደግ ዕቃ ነው። እጇን ዘርግታ መብራቱን ራሷ አጠፋችው፤ ልቧም የጠበቀችውን ያህል አልጨለመባትም።

ስትደርስ ባትሪ ሐኪሙ ካራቫኑን ከፒካፑ ጋር አያይዞ ማሰሪያውን እየፈተሸ ነበር። ስታየው እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ጠፋት።

"ባትሪዎን ረስተዋል" አለችው።

"አልረሳሁትም። ትቼው ነው።"

"ሌባው ተይዟል።"

ቀና አለ። "ማን ነው?"

"አብሮኝ የሚኖር ሰው ነው። ጡረተኛ። ማታ ማታ ነው የሚሠራው።"

ዓይኑ ወደ ካራቫናቸው ሄደ። ፈታኙ በር ላይ ቆመው፣ ምንም እንደማያገባቸው ሁሉ ሐይቁን ያያሉ። ሰውየው መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ የፊቱ ጡንቻ አንድ በአንድ ተፈታ፣ ከዚያም ማሰሪያውን ይዞ ጎንበስ ብሎ ሳቀ። እሷ ሲስቅ ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር።

"እኔ ደግሞ ገመድ ተቆርጦ ነው ብዬ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ..." ንግግሩን አቋረጠ። "ግን ለምን?"

እየፈራች የመጣችው ይህንን ጥያቄ ነበር።

"እርስዎ እንዲመጡ" አለች ወደ መሬት እያየች። "እኔም እንድስቅ።"

ሐይቁ ላይ የነበረው ነፋስ መጥቶ ፀጉሯን ፊቷ ላይ አመጣው፤ አልመለሰችውም።

"ጠዋት ስለ ተናገርኩት ይቅር ይበሉኝ። ፈርቼ ነበር።"

"ለመድኃኒቱ?"

"ለመድኃኒቱም።"

ያችን መጨረሻ ላይ የተጨመረች ፊደል ሰማት። ማሰሪያውን ለቀቀው፣ እጁን በሱሪው ጠረገ፣ የሚጠረግ ነገር ግን አልነበረበትም።

"እንግዲህ ባትሪው ይድናል" አለ። "ከእንግዲህ እኔን የሚያስጠራ ነገር የለም።"

"የለም።"

"ብልሽት ሳይኖር ብመጣስ?"

"ና" አለችው።

"ይምጡ" አላለችውም። ሁለቱም ሰሙት፣ ሁለቱም እንዳልሰማ ሆኑ። የሱ ጆሮ ግን እስከ ሽበቱ ድረስ ቀላ። ወዲያው ደግሞ ፊቱ ጠቆር አለ።

"ማዶ ላሉት ቃል ሰጥቻለሁ። ብዙ ናቸው፤ ዛሬ ካልሄድኩ መብራት የላቸውም። ስንት ጊዜ እንደምቆይ ደግሞ..."

"አውቃለሁ። ሂድ" አለች። ቃሉን የማይጥል ሰው መሆኑን ወደደችለት፤ በዚያው ልክ አዘነች። የእነሱም እረፍት ሊያልቅ ነው። ሐይቁ ሰፊ ነው፤ ወደ ማዶ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ዞሮ ዞሮ ነው የሚያደርሰው።

ከኋላቸው ፈታኙ ጮክ ብለው ተጣሩ። ሁለቱ ፈታኙ የማይሰሙ መስሏቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ሁሉንም ሰምተዋል።

"ምን ቆማችሁ ትለያያላችሁ? ካራቫን ጎማ የተደረገለት ለምን መሰላችሁ?"

ዕቃ መሰብሰቡ ብዙ አልፈጀም። የመንታዎቹ እናት መጥተው ሳህኖቹን ሲያቀብሉ፣ ፋርማሲስቷ ከባትሪ ሐኪሙ ጋር ዓይን ለዓይን ስትጋጭ አዩና ለአንዴ ምላሳቸውን ነክሰው ሳህን መቁጠር ያዙ። ባትሪ ሐኪሙ ከፋርማሲስቷ መኪና ወደ ካራቫኗ የሚሄደውን ወፍራም ገመድ አንሥቶ ሰካው።

"ይቺ ከተሰካች ሞተሩ እየሄደ ባትሪውን ይሞላዋል። ሶላርም አያስፈልግሽም።"

"እስከ መቼ?"

"እስከ ሄድሽ ድረስ።"

ከዚያ ሁለቱ ካራቫኖች ተከታትለው ወጡ። ፒካፑ ከፊት አዝጋሚ ሆና ትሄዳለች፤ መታጠፊያ በመጣ ቁጥር የፍሬን መብራቷ ቀድሞ ይበራል፤ ወደ ኋላ የቀረ ሰው እንዳይጠፋበት የሚያስብ ሰው አነዳድ ነው። አቧራው በመስኮቱ ይገባል፤ ፋርማሲስቷ አልዘጋችውም። ስትነዳ ፈታኙ አጠገቧ ተረጋግተው ተቀምጠው አያውቁም፤ ሁልጊዜ ቀኝ እግራቸው እሳቸው ጋ የሌለውን ፍሬን ሲረግጥ፣ "ቀስ፣ ቀስ" ሲሉ ነው የሚደርሱት። ዛሬ እግራቸው ምንጣፉ ላይ ዘና ብሎ ተዘርግቷል። ጭንቅላታቸውን ወንበሩ ላይ ጥለው ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል።

"ምን እያሉ ነው፣ አባባ?"

"እያመሰገንኩ ነው። አንቺ ወደፊትሽን እዪ።"

ወደፊቷን አየች፤ ፈገግታዋንም ከማንም አልደበቀችውም።